ከጋፋት እስከ ታልፒዮት፦ የብረት፣ የሞተርና የአንድ ማኒፎልድ ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ ስህተት ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ጓደኛዬ ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ ቮልስ ገዛን። ቮልስ የምንላት ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ትንሽ ቮልስዋገን ነች። የ1969 ሥሪት ናት። ስንገዛት ሞተሯ ወርዶ፣ ካርቡራተሯና ማኒፎልዷ ጠፍቶ ነበር፤ ዋጋዋም የቀነሰልን ለዚሁ ነው። አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው «የ1969 ቮልስ ናት፣ 1300» ብለን ነገርነው። እሱም ለ1969 ቮልስ 1300 የሚሆነውን ማኒፎልድ ሰጠን። ከፍለን ወሰድን። ታልፒዮት ቦታ ወዳዋሱን ጋራዥ አምጥተን ስናስጠጋው አልገጠመም። ማኒፎልዱ በየጫፉ አንድ አንድ አፍ ብቻ አለው፤ ቴስታታው ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ሁለት ሁለት ነው። ሻጩ አላታለለንም። የጠየቅነውን ነው የሰጠን። ጥፋቱ አጠያየቃችን ላይ ነበር።

በዚያ ቀን አባቴ ምሳ ይዞልን መጥቶ ነበር። ሳህኑን አስቀምጦ ትንሽ ቆሞ አየና፣ «ለመሆኑ ሞተሩን ጠይቃችሁታል?» አለን።

«ምን ማለት ነው አባ?»

«መኪናዋ የ69 ናት። ሞተሩ ግን የእሷ አይደለም፣ ተቀይሯል።» ጨርቅ አንስቶ ከዲናሞው እግር ሥር ያለውን ቅባት ጠረገና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ፊደል አሳየን። መነጽሩን እንኳ አላደረገም ነበር።

እኔ አባቴን የማውቀው በጽዳትና በሌሊት ጥበቃ ሥራው ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ እንደነበር ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ልጅ ሆኖ እንደሚሰማ ተረት ነበር የሰማሁት። ያን ቀን ግን ነገሩ ተረት እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠየቅሁት፣ የራሴንም ንባብ ጨመርኩበት። የዘንድሮው መጽሔታችን የታሪክ ገጽ የዚያ ውጤት ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት ብቻ በእኛ ነው።

ማኒፎልድ ምንድን ነው?

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ካርቡራተር የሚባለው ዕቃ አየርና ቤንዚን ይቀላቅላል፤ መጠኑ በክብደት ሲታይ 15 እጅ ያህል አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ነው። ያ ድብልቅ ግን በቀጥታ ሲሊንደሮቹ ውስጥ አይገባም። ከአንድ ካርቡራተር ወጥቶ ለአራት ሲሊንደር መከፋፈል አለበት። የሚያከፋፍለው ቧንቧ የመግቢያ ማኒፎልድ ይባላል። ከቀለጠ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከታጠፈ የብረት ቧንቧ ነው።

ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ማድረስ። ሁለተኛ፣ በመካከል ሌላ አየር አለማስገባት። ሦስተኛ፣ ቤንዚኑ ወደ ጠብታ እንዳይመለስ መሞቅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሠራው። ቀዳዳው ያልተካከለ፣ ቡሎኑ ያልገጠመ ማኒፎልድ በጉልበት ቢታሰር የሚመጣው ይኸው ነው።

ስሙም ቢሆን ታሪክ አለው። እንግሊዞች «ማኒፎልድ» ሲሉ ብዙ የሆነ ማለታቸው ነው። ጣሊያኖች «ኮሌቶሬ» ይሉታል፣ ሰብሳቢ ማለት ነው። በዕብራይስጥ «ሰዔፈት» ነው የሚባለው፤ ከቅርንጫፍ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። አንዱን ዕቃ አንዱ ከሰብሳቢነቱ፣ አንዱ ከቅርንጫፉ አይቶ ሰየመው።

መንገዳችንና የመኪና ቃል

ስለ ቃል ከተነሳ የኢትዮጵያ መንገድን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከነቢያት ጎዳና ወጥቶ ሽቅብ የሚሄደው ያ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። ክቡን ቤተ ክርስቲያን በ1882 ያስጀመሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። ከእዚያው ወረድ ብሎ ነቢያት ጎዳና ላይ በእቴጌ ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው፣ አንበሳ የተሳለበት ቤት አለ።

በዚሁ የኢትዮጵያ መንገድ ላይ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። ዕብራይስጥን የቤትና የገበያ ቋንቋ አደርጋለሁ ብሎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ለአዲስ ዕቃ ሁሉ አዲስ ቃል ሲፈልግ ይውል ነበር። ዛሬ ሁላችን «መኾኒት» የምንላት ቃል፣ መኪና ማለት፣ የልጁ የኢታማር ቤን አቪ ሥራ እንደሆነች ይነገራል። እንግዲህ ኢትዮጵያውያን በሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስም በተጠራ መንገድ ላይ የኖረ ቤተሰብ ነው ለመኪና ስም ያወጣው።

ጋራዥ ውስጥ ግን የቤን ይሁዳ ዕብራይስጥ ብዙም አልገባም። የእስራኤል መካኒኮች የኋላውን አክስል ከእንግሊዝኛ ወስደው «ባካክስ» ይላሉ። አስቂኙ ነገር የፊቱንም «የፊት ባካክስ» ማለታቸው ነው፤ ሲተረጎም «የፊት የኋላ አክስል» ይሆናል! የእጅ ፍሬኑንም «አምብሬክስ» ይሉታል። በእኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ የእኛዎቹ ቃላት ግን ከጣሊያን መጡ። እንዴት እንደመጡ ከመናገሬ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ብረትና ስድብ

የቤተ እስራኤል አባቶቻችን በጎንደርና በሰሜን አካባቢ ከሚታወቁባቸው ሙያዎች አንዱ ብረት መቀጥቀጥ ነበር። ወንዶቹ ማረሻ፣ ማጭድና ጦር ይሠሩ፣ ሽመና ይሸምኑ፣ ግንብ ይገነቡ ነበር፤ እናቶች ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ርስት እንደተነጠቁ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል። ጎረቤቱ ማረሻውን ከእሱ እየገዛ፣ ማታ ደግሞ «ቡዳ ነው» እያለ ይፈራው ነበር። የሚበላበትን ሙያ ስድብ አደረጉበት።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩ ጊዜ ትልቁ ችግራቸው ብረቱን ማቅለጥና በቅርጽ ማፍሰስ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስፈሰሱ። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትቶ በ1868 እዚያው ቀረ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ቅርጽ ሠርቶ፣ ብረት አቅልጦ፣ አፍስሶ፣ ቀዝቅዞ ሲወጣ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅ፣ ማኒፎልድ የሚሠራበት ጥበብ በመሠረቱ ይኸው ነው። መጠኑ ነው የሚለየው።

አባቴ «ብረት ሠሪ» መባልን በልጅነቱ እንደ ስድብ ነው የሰማው። ጋራዥ ሲገባ ግን ስሙ ተቀየረ፤ «መካኒክ» ተባለ። «እሳቱ ያው ነው፣ መዶሻው ያው ነው። ስሙን ፈረንጅ ሲያመጣው ግን ተከበረ» ይላል እየሳቀ።

መኪና አገራችን ሲገባ

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ ያች መኪና በረሃውንና አቀበቱን የወጣችው መንገድ ሳይኖር ነው።

መኪና በብዛት የገባው ግን በክፉ ቀን ነው። ግንቦት 1936 ላይ የጣሊያን ጦር ከሺህ በሚበልጡ መኪኖች ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሳምንት አፄ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ መርከብ ሐይፋ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ፣ ኪንግ ዴቪድ ሆቴልም አረፉ። ንጉሡ እዚህ፣ የፊያት ካሚዮን እዚያ ማለት ነው።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1941 ወጣ። መንገዱ፣ ጋራዡና ቃሉ ግን ቀረ። ከጣሊያን ጋራዥ አጥቦና ጠርጎ የጀመረ ልጅ ውሎ አድሮ መካኒክ ሆነ፤ የተማረውንም በተማረበት ቃል ለሌላው አስተማረ። ወላጆቻችን ዛሬም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ቴስታታ ከ«ቴስታ» ነው፣ ራስ ማለት። ካንዴላ ሻማ ነው። ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ኤንትሬ የሚባለው ትልቁ ፊያት ካሚዮንም ስሙን ያገኘው ከሞዴሉ፣ ከ«ኤን 3» ነው።

ልጆች ሆነን አባታችን «ካንዴላው ቆሽሿል» ሲል ዕብራይስጥ አይችልም ብለን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው አማርኛ፣ ጣሊያንኛና ሞተርኛ ይናገር ነበር። ያልቻልነው እኛ ነን።

ሦስት መኪና፣ ሦስት ትምህርት

በአዲስ አበባ ጎዳና የታወቁ ሦስት መኪኖችን ላንሳ። ሦስቱም ስለ ማኒፎልድ የሚያስተምሩት አለ።

የመጀመሪያዋ ሴይቼንቶ ናት፣ ፊያት 600። በ1955 የወጣች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ 633 ሲሲ ብቻ ያላት ትንሽ መኪና ናት። የሴይቼንቶ የመግቢያ ማኒፎልድ ለብቻው የሚፈታ ዕቃ አይደለም፤ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ የፈሰሰ ነው። ካርቡራተሩ ቴስታታው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «የሴይቼንቶ ማኒፎልድ አለ ወይ?» ብሎ ገበያ የሚወጣ ሰው ከመጀመሪያው መኪናዋን አላያትም። ያ ክፍል ከተሰነጠቀ የሚፈለገው ሙሉ ቴስታታ ነው።

ሁለተኛዋ ላዳ ናት፣ አዲስ አበባን ለብዙ ዓመት ያመላለሰችው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ፈቃድ ገዝተው ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ ውስጥ ሠሯት። መልኳ ከፊያት 124 ጋር መንትያ ነው። ሞተሯ ግን ሌላ ነው። በፊያት 124 ላይ ካምሻፍቱ ታች ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጅም ዘንግ ነው የሚገፋቸው፤ በላዳ ላይ ግን ካምሻፍቱ ከላይ ቴስታታው ላይ ነው። ቴስታታው ከተለየ ማኒፎልዱም ይለያል። በሩ ሊገጥም ይችላል፣ ማኒፎልዱ ግን አይገጥምም። ከመልክ ተነስቶ ዕቃ መግዛት የሚያከስረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛዋ ቮልስ ናት፤ የእኛን ኪስ ያራቆተችው። ቮልስ አራት ሲሊንደር አላት፣ ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ ተኝተው፤ ስለዚህ ቴስታታዋም ሁለት ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች እያንዳንዱ ቴስታታ አንድ የመግቢያ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች በዚያች አንድ ቀዳዳ ይተነፍሱ ነበር። ማኒፎልዱም አንድ ወጥ የብረት ቧንቧ ነው። ከነሐሴ 1970 ጀምሮ ግን ፋብሪካው ለ1300 እና ለ1600 ሞተሮች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቀዳዳ ሰጠ። ማኒፎልዱ ያኔ ሦስት ቁራጭ ሆነ፦ የመካከሉ ቧንቧ፣ በግራና በቀኝ ሁለት የአሉሚኒየም ጫፍ፣ በመካከላቸውም የሚያገናኝ ጎማ። 1200 ሞተር ግን በአንድ ቀዳዳው ቀጠለ።

አሁን ስህተታችን ግልጽ ነው። «1300» የሚለው ቁጥር ሁለቱንም ዓይነት ይይዛል። የሚለያቸው ፊደሉ ነው። ከዲናሞው እግር ሥር የተመታው ቁጥር በ«ኤፍ» ከጀመረ የድሮው ባለ አንድ ቀዳዳ 1300 ነው፤ በ«ኤቢ» ከጀመረ አዲሱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። «ዲ» ከሆነ 1200፣ «ኤች» ከሆነ 1500 ነው። የእኛዋ መኪና የ1969 ብትሆንም አንድ የቀድሞ ባለቤት የ«ኤቢ» ሞተር ሰጥቷታል። አባቴ ጨርቁን አንስቶ ያነበበው ይህንን ነበር።

የሐይፋዎቹ መኪኖች

እዚህ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ ሐይፋ ውስጥ ኦቶካርስ የተባለ ኩባንያ ሱሲታ እና ካርሜል የተባሉ መኪኖችን ይሠራ ነበር። አካላቸው ከፋይበር ግላስ ስለሆነ «ሱሲታን ግመል በላት» የሚል ቀልድ እስከ ዛሬ አለ። ሳብራ የተባለች የስፖርት መኪናም ነበረቻቸው፤ 1703 ሲሲ የፎርድ ኮንሰል ሞተር የተገጠመላት።

አካሉ የእስራኤል ይሁን እንጂ ሞተሩ የእንግሊዝ ነው። ካርሜል ከፎርድ ኮርቲና የመጣ 1198 ሲሲ ሞተር ነበራት። ስለዚህ ዛሬ ካርሜል የሚያድስ ሰው ማኒፎልድ የሚፈልገው በካርሜል ስም ሳይሆን በፎርድ ስም ነው። እዚያም ወጥመድ አለ። እስከ 1967 ድረስ በነዚህ የፎርድ ሞተሮች ላይ መግቢያውም መውጫውም በአንድ ጎን ነበር። በ1967 መጨረሻ ፎርድ ቴስታታውን ቀየረ፤ ድብልቁ በአንድ ጎን ገብቶ ጭሱ በሌላው ጎን እንዲወጣ አደረገ። ከውጭ ሲታይ ብሎኩ ይመሳሰላል። የኋለኛውን ማኒፎልድ ለቀድሞው ልግጠም ያለ ሰው ግን የሚያስርበት ቦታ አያገኝም።

ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በእስራኤል 30 ዓመት የሞላው መኪና የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከፋብሪካው እንደወጣ ተጠብቆ መገኘቱም ይታያል። ትክክለኛውን ዕቃ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እንጀራም ያለው እዚያ ነው።

ሞተሩን እንዴት ይጠይቋል?

አባቴ አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ ዕቃ ሲፈልግ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሄድ ነበር። የመኪናውን ዓመት ለማንም አይናገርም። አሮጌውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይሄዳል፤ አሮጌው ከሌለ ጓርኒሲዮኑን ይዞ ይሄዳል። «ወረቀት ይዋሻል፣ ጓርኒሲዮን አይዋሽም» ነው የሚለው። ያስተማረንን በተራ አስቀምጣለሁ፦

1. የሞተሩን ቁጥርና ፊደል አንብቡ። የመኪናው ሊብሬ ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሞተሩ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም።

2. ቀዳዳውን ቁጠሩ፣ ቅርጹንም እዩ። ክብ ነው? አራት ማዕዘን ነው? አፉን በካርቶን ላይ አስጠግታችሁ በጣት ብትጫኑት ቅባቱ ቅርጹን ያትመዋል። ያን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

3. ከቡሎን እስከ ቡሎን ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ለኩ። «ይመስለኛል» አይሠራም፤ 2 ሚሊሜትር ካልገጠመ አልገጠመም ነው።

4. ካርቡራተሩ የሚቀመጥበትን አፍ ለኩ። ማኒፎልዱ ሞተሩን ገጥሞ ካርቡራተሩን ላይገጥም ይችላል። የትንሹ ሞተር ማኒፎልድ አፉ ጠባብ ነው፤ ትልቅ ካርቡራተር ቢቀመጥበት ጥቅም የለውም።

5. ማሞቂያውን እዩ። በቮልስ ላይ ከማኒፎልዱ ሥር ትኩስ ጭስ የሚያመላልስ ቀጭን ቧንቧ አለ። ጥላሸት ከዘጋው ማኒፎልዱ ይቀዘቅዛል፤ በኢየሩሳሌም የክረምት ጠዋት በረዶ ሊይዘው ይችላል፣ ሞተሩም እየተንገጫገጨ ይጠፋል። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ያ ቧንቧ በሁለቱም በኩል መሞቅ አለበት።

6. ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስተኙበትና ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካሳለፈ አየርም ያሳልፋል።

ከታሰረ በኋላ ደግሞ ማዳመጥ ነው። ማኒፎልዱ በጎን አየር ከሳበ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር አይረጋም፤ አንዳንዴም በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል። በመገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ውሃ እርጩበት፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ድሮ በቤንዚን የሚሞክሩ ነበሩ። እናንተ እንዳታደርጉት፣ እሳት ነው።

ከአዲስ አበባ ከፍታ እስከ ሙት ባሕር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁለቱን ከተሞቻችንን ያገናኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ገደማ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየር ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ሐይፋ ባሕር ዳር ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ኢየሩሳሌም ላይ ደግሞ ከመቶ 7 ወይም 8 ያህል ያንሳል።

ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ለሐይፋ የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ለዚህ የአዲስ አበባ መካኒኮች ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች ይለውጧታል። ያ መኪና በተራው ወደ ሙት ባሕር ቢወርድ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር የሚበልጥ ማለት ነው፣ ቤንዚኑ ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። እንግዲህ ዕቃው ከሞተሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚኖርበት አገር ጋርም መስማማት አለበት።

አባቴ ይህን ሲያስረዳ ትንሽ ዝም አለና፣ «እኔም ከ2,400 ሜትር ነው የወረድኩት። ማንም ግን ቀዳዳዬን አላስተካከለልኝም» አለ። ሳቅን። እሱ ግን ብዙም አልሳቀም።

የአባቴ ወረቀት

አባቴ የመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ። ወንበር የተነቀለባቸው አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ሰው ከለበሰው ሌላ ብዙም አልያዘም። አባቴ የመፍቻ ሣጥኑን ለጎረቤት ሰጥቶ ነው የመጣው።

እዚህ ከደረሰ በኋላ ሥራ ፈልጎ አንድ ጋራዥ ገባ። የሙያ ወረቀት አምጣ አሉት። የለውም፤ አገሩ ሙያ የሚመሰከረው በእጅ ነበር። ሞተር አሳዩኝና ልሥራው አለ፤ በአማርኛ። የሚሰማው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ጋራዥ አልጠየቀም። መጥረጊያ ያዘ፣ አራት ልጅ አሳደገ። እኛም ልጆቹ አባታችን ሙያ እንደሌለው አድርገን አደግን። ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ይህን ገጽ የሚያነቡ ወላጆች ያውቁታል።

ትክክለኛውን ማኒፎልድ፣ ሦስት ቁራጩን፣ ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ አገኘን። ካርቶኑን ይዘን ነበር የሄድነው። አባቴ ጓርኒሲዮኑን አስቀምጦ፣ ቡሎኖቹን ከመካከል ወደ ዳር በጥቂት በጥቂቱ አጠበቀ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፊቱን ያጣምመዋል ብሎ። ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ውሃ ረጨ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ይበቃል። አሁን እኩል ይተነፍሳል» አለ።

አርብ ከሰዓት ሰንበት ሳይገባ መኪናዋን በነቢያት ጎዳና ይዘናት ሄድንና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ገባን። አባቴ ከፊት ተቀምጧል። ደብረ ገነት በር ላይ አንድ አባ መነኩሴ ቆመው ነበር። መኪናዋን ሲያዩ ፈገግ አሉና በአማርኛ፣ «ቮልስ! ይህችማ የእኛ አገር ናት» አሉ። አባቴ መስኮቱን አውርዶ ሰላም አላቸው። አንዱ ቤተ እስራኤል፣ አንዱ የኦርቶዶክስ መነኩሴ፤ ስለ ካርቡራተር አሥር ደቂቃ ሲያወሩ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋብን።

ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልለምን። በዚህ ሳምንት አባታችሁን ወይም አያታችሁን፣ እናታችሁንም፣ ከመምጣታቸው በፊት በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ። የዕቃዎቹን ስም በአማርኛ ጻፉት፤ ከየትም ቋንቋ ይምጣ፣ እነሱ እንደሚሉት ጻፉት። የሰበሰባችሁትን ለማኅበራችን ብታመጡ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ አንድ ላይ እናወጣዋለን። ወላጆችም «ያ ድሮ ነው» ብላችሁ አትለፉት። እኛ ሞተሩን ሳንጠይቅ ዕቃ ገዝተን ከሰርን። አባቴን ሳንጠይቀው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አብረነው ኖርን።